መጠቁም፦ የመረጃ ቋት የጠየቁትን እንዴት ያገኛል?

የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ የታካሚውን የካርድ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፍ መዝገቡ ወዲያው ይወጣላታል። የመረጃ ቋቱ፣ ማለትም ዳታቤዙ፣ አንድ ሚሊዮን መዝገብ የያዘ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ቢያነብ ኖሮ ተፈላጊው እስኪገኝ በአማካይ 500,000 መዝገብ ማለፍ ነበረበት። ከዚህ ድካም የሚያድነው ባለሙያዎቹ ኢንዴክስ የሚሉት ነው። እዚህ በአማርኛ መጠቁም ብለነዋል።

ማውጫ ያላልነው፣ ማውጫ በመጽሐፍ መጀመሪያ ምዕራፎችን በቅደም ተከተል ለሚዘረዝረው ገጽ ስለተያዘ ነው። ጠቋሚ ሲባል ደግሞ ሰው ላይ የሚጠቁም ሰው ትዝ ይላል። መጠቁም ከዚያው «ጠቆመ» ከሚለው ግስ ቢወጣም የሚናገረው ስለ መሣሪያው ብቻ ነው።

መጠቁም ከመዝገቡ ተለይቶ የሚቀመጥ ዝርዝር ነው። በመጽሐፍ መጨረሻ ስሞችን በፊደል ተራ ደርድሮ ከየስሙ ጎን የገጽ ቁጥር የሚያሰፍረውን ዝርዝር ያስቡ። ቋቱም እንዲሁ ከመዝገቦቹ አንዱን ዓምድ፣ ለምሳሌ የካርድ ቁጥሩን፣ ቀድቶ በተራ ይደረድራል፤ ከእያንዳንዱም ጎን መዝገቡ የሚገኝበትን አድራሻ ይጽፋል። መዝገቦቹ እንደ አመጣጣቸው ያለ ተራ ቢከማቹም ችግር የለውም።

ዝርዝሩ ራሱ ሚሊዮን መስመር ሲሆንስ? ለዚህ መላ ያበጁለት በቦይንግ ኩባንያ የምርምር ክፍል ይሠሩ የነበሩት ሩዶልፍ ባየር እና ኤድዋርድ ማክራይት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት አደራደር ቢ-ትሪ ይባላል፤ «ቢ» የምን ምልክት እንደሆነች ግን ሁለቱም ቁርጡን ተናግረው አያውቁም። ቁልፎቹ በዛፍ መልክ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ አንጓ 100 ቅርንጫፍ ቢኖረው ከሥሩ ተነሥቶ በሦስት እርምጃ 100 ሲባዛ በ100 ሲባዛ በ100፣ አንድ ሚሊዮን መዝገብ ውስጥ የሚፈለገው ዘንድ ይደረሳል። አንጓው እንዲህ ሰፊ የሆነው ከዲስክ ማንበብ እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ ነው፤ አንዴ ከተነበበ አይቀር ብዙ ቁልፍ አብሮ ይምጣ ከሚል ሐሳብ። ዛሬም ፖስትግሬስኪውኤልን እና ማይኤስኪውኤልን የመሳሰሉ ቋቶች በዋናነት የሚሠሩት በዚሁ ስልት ወይም በቅርብ ዘመዱ ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። አዲስ መዝገብ በገባ ቁጥር መጠቁሞቹ ሁሉ ይታደሳሉ፤ በየዓምዱ መጠቁም የተሠራለት ቋት ለመፈለግ ይፈጥናል፣ ለመመዝገብ ይንቀራፈፋል፣ ቦታም ይፈጃል። ስለዚህ ቋቱን የሚሠራው ባለሙያ ሰዎች በምን በምን እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ይህን ካላወቀ ምን እንደሚሆን በእኛ ስም ላይ ይታያል። ሁለት ዓምዶችን ያጣመረ መጠቁም የሚደረደረው በመጀመሪያው ዓምድ ነው፤ ሁለተኛው የሚያገለግለው የመጀመሪያው ሲታወቅ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሠሩ ሥርዓቶች ብዙውን ጊዜ የቤተሰብን ስም ያስቀድማሉ። አልማዝ ከበደ የምትባል ሴት ስትመዘገብ የአባቷ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባና «ከበደ፣ አልማዝ» ሆና ትደረደራለች። «አልማዝ» ብሎ ብቻ ለሚጠይቅ ያ መጠቁም እምብዛም አይረዳም፤ አልማዞች ሁሉ በየአባቶቻቸው ስም ሥር ተበትነዋልና። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው። ለእኛ የሚሠራ ቋት የራስን ስም ማስቀደም አለበት፤ ይህ ለባለሙያው ምርጫ የሚተው አይመስለኝም።

የፊደል ተራም ስምምነት ይፈልጋል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በአበገደ የተደረደረ ነው፤ ዩኒኮድ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲቀበል በሀለሐመ ቁጥር ሰጥቶታል።

ከስምና ከቁጥር አልፎ ሙሉ ጽሑፍ ሲፈለግ ሌላ ዓይነት መጠቁም ያስፈልጋል፦ ግልብጥ መጠቁም፣ በባለሙያዎች አጠራር ኢንቨርትድ ኢንዴክስ። ሰነድ ቃላትን ይይዛል፤ ይህኛው ነገሩን ገልብጦ ቃሉን ያስቀድምና የሚገኝባቸውን ሰነዶች ያስከትላል። ሐሳቡ ከኮምፒውተር እጅግ ይቀድማል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የዶሚኒካን መነኮሳት በዩግ ደ ሳን ሼር መሪነት ለላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለ የቃላት መጠቁም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ካረን ስፓርክ ጆንስ በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል የበለጠ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አሳየች። በእኛ ቋንቋ «ነው» የሌለበት ጽሑፍ እምብዛም ስለማይገኝ «ነው» የፈለጉትን ሰነድ ለመለየት አይጠቅምም፤ «ግብዓተ መሬት» ግን ይጠቅማል።

አማርኛ ላይ ሲደረስ ሥራው ይከብዳል። ማሽን ቃልን የሚለየው በባዶ ቦታ ነው፤ ለእሱ «ቤት»፣ «በቤታችን» እና «ከቤቶቹ» ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ቅጥያውን መቁረጥ ግድ ይላል፤ ያለ ጥንቃቄ የሚቆርጥ ግን «ከበደ»ን «በደ»፣ «በቀለ»ን «ቀለ» ያደርገዋል። ሞክሼ ፊደላትም አሉ። አንዱ «ፀሐይ»፣ አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ» ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ስላለው ሦስቱን በሦስት ቦታ ያኖራል። ኃይሉ ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ብሎ ለሚፈልገው የለም ይባላል፤ መዝገቡ ግን እዚያው ነው።

መፍትሔው የሰዎችን አጻጻፍ ማረም አይደለም። መዝገቡ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ይያዝ። ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ፊደል የሚጠቃለሉት መጠቁሙ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጠያቂው የጻፈውም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ሕግ ይለወጣል። «ሀይሉ» ተብሎ ሲጠየቅ ማሽኑ ያገኘዋል፤ ገጹ ላይ የሚያሳየው ግን «ኃይሉ» የሚለውን ነው።