ፖሲዶንያ፥ ፔስቱም፥ ካፓቾ

በደቡብ ኢጣልያ፥ ከሳሌርኖ ከተማ በስተደቡብ፥ የሴሌ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ሳይርቅ፥ ሦስት የጥንት ቤተ ጣዖታት ከነአዕማዳቸው በሜዳ ላይ ቆመው ይታያሉ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ600 ዓመት ገደማ ከሲባሪስ የመጡ ጽርዓውያን ሥፍራውን አቅንተው፥ የባሕር ገዥ ነው ብለው በሚያመልኩት በፖሲዶን ስም ፖሲዶንያ አሉት፤ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ሉካናውያን የተባሉት የኢጣልያ ነገድ ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ፓይስቶም ተባለች፤ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ273 ዓመት ሮማውያን ሰፋሪዎቻቸውን ሲያሰፍሩባት ደግሞ ፔስቱም ሆነች።

ስያሜው ግን ሊቃውንቱን ሳይቀር አሳስቷል። በ18ኛው መቶ ዓመት ፍርስራሹን ሊመረምሩ የመጡት ሰዎች፥ ከተማይቱ የፖሲዶን ከሆነች ግርማ ያለው ቤተ ጣዖት የእርሱ መሆን አለበት ብለው የኔፕቱን ቤት አሉት፤ ከሁሉ የሚቀድመውንም የግንባሩ ሦስት ማዕዘን ስለ ፈረሰ የሮማውያን የሸንጎ አዳራሽ መስሏቸው ባሲሊካ ብለው ጠሩት። ቀርቦ ላስተዋለው ግን ይህ ሕንፃ ራሱ ይመሰክራል፤ በፊቱ የቆሙት አዕማድ ዘጠኝ በመሆናቸው አንዱ ዓምድ በትክክል መካከል ላይ ይውላል፥ በውስጡም ሌላ የአዕማድ ረድፍ አዳራሹን ለሁለት ይከፍለዋል፥ እያንዳንዱም ዓምድ ወገቡ ላይ ወፍሮ ወደ ራሱ ሲደርስ ይቀጥናል። ከመሬቱ የወጡት የስእለት የሸክላ ምስሎችም ባለቤቲቱ ሄራ እንደ ነበረች አስረድተዋል።

ኋላ ውኃው እየተኛ ሜዳው ረግረግ ሆነ፥ ወባም ገባ። ሦስተኛው፥ የአቴና የተባለችው የጽርዓውያን አምላክት ቤተ ጣዖት፥ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቢቈይም፥ በ9ኛው መቶ ዓመት ከባሕር የሚመጡ ዐረቦች ወረራ ሲጨመርበት ሕዝቡ ከጳጳሱ ጋር ወደ ተራራው ወጥቶ በካፓቾ ሰፈረ፤ ትርጓሜውም የውኃ ራስ ማለት ነው ይባላል። በዚያው ተራራ ባለች ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሮማን እንደ ያዘች ሆና ትታያለች፤ ሄራም በቈላው በተገኙት ምስሎች ሮማን ይዛ ነበርና፥ አምልኮው ከሥሩ ተለውጦ ሳለ ፍሬው በገበሬው ስእለት ውስጥ ሳይለወጥ መኖሩ እጅግ ያስደንቀኛል።

የወረዳዋ ማዘጋጃ ቤትም ለብዙ ዘመን ካፓቾ ብቻ ሲባል ኖሮ፥ በ2016 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተራራውንና የሜዳውን ስም አጋጥሞ ካፓቾ ፔስቱም ተብሏል።