ጤዛ (ፊልም)

ጤዛ በኃይሌ ገሪማ ተጽፎና ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለእይታ የበቃ የኢትዮጵያ ድራማ ፊልም ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ርዝመቱ 140 ደቂቃ ገደማ ሲሆን አማርኛ፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ይነገሩበታል። በዓለም አቀፍ መድረክ ከፍተኛ ክብር ካገኙ የኢትዮጵያ ፊልሞች አንዱ ነው።

ስያሜው

ጤዛ ሌሊት ሣር ላይ አድሮ ፀሐይ ስትወጣ የሚረግፍ ውሃ ነው። በአማርኛ የዕድሜን አጭርነት ለመግለጽ ይጠቀሳል። ፊልሙ ለምን በዚህ እንደተሰየመ ከአንድ በላይ ትርጓሜ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፣ በማለዳው የረገፈውን የ1970ዎቹ ወጣት ትውልድ ያመለክታል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከባለታሪኩ ልጅነት ጋር ያያይዘዋል፤ ባለታሪኩ ትዝታውን ሊጨብጥ ሲል ያመልጠዋልና። ሁለቱ የሚጋጩ አይመስሉም። እንዲያውም ሰሙን ከመንደሩ ማለዳ፣ ወርቁን ከትውልዱ ዕጣ ወስዶ ስያሜውን እንደ ቅኔ ማንበብ ለፊልሙ መንፈስ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስላል።

ታሪኩ

አንበርብር (አሮን አረፈ) በ1990 ጣና አካባቢ ወዳለው የትውልድ መንደሩ፣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። አንድ እግሩን አጥቷል፤ እንዴት እንዳጣው ግን አያስታውስም። ሌሊት ሌሊት በቅዠት ስለሚባንን ጸበል ይወስዱታል። በወቅቱ በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት የመንደሩ ወጣቶች ለውትድርና እንዳይታፈሱ ይደበቃሉ። ትዝታው በቁርጥራጭ ሲመለስ በጀርመን የሕክምና ተማሪ የነበረበትን ጊዜ፣ የአብዮቱን ክርክርና በደርግ ዘመን ከወዳጁ ከተስፋዬ (አብዬ ተድላ) ጋር ያየውን እናያለን።

አዘጋጁ

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለደ። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፊልም ተማረ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። ምርት ሶስት ሺህ ዓመት (1976) እና ሳንኮፋ (1993) ቀደምት ሥራዎቹ ናቸው። አባቱ ገሪማ ታፈረ የጎንደርን አርበኞች ታሪክ ጎንደሬ በጋሻው በተባለው መጽሐፍ የጻፉ ሰው ነበሩ። በጤዛ የጣሊያን ወረራ ትዝታ ደጋግሞ ብቅ ማለቱ ከዚህ የቤት ውርስ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

አሠራሩ

ቀረጻው በኢትዮጵያና በጀርመን ተካሂዷል። ካሜራውን የያዘው ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ ነው። ሙዚቃውን ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር ሠርተውታል።

ሽልማቶች

በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ፊልም ድርሰት ሽልማት ወሰደ። በዚያው ዓመት በካርቴጅ የወርቅ ታኒትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ከፍተኛውን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ አገኘ።

ለተመልካች

ፊልሙ ታሪኩን በጊዜ ቅደም ተከተል ስለማይተርክ ሲኒማ ለመዝናናት ብቻ የሚገባን ሰው መጀመሪያ ላይ ሊያደናግር ይችላል። መሪ ምልክቱ የአንበርብር እግር ነው። በምርኩዝ ሲሄድ ከሞላ ጎደል ያለነው በመንደሩ ነው፤ በሁለት እግሩ ሲቆም በትዝታው ውስጥ ነን። ይህን የያዘ ተመልካች የፖለቲካውን ዝርዝር ባያውቅም ታሪኩ አይጠፋበትም፤ የእናትየው ዝምታና የልጁ ጭንቀት ማብራሪያ አይሹም። ጭካኔ የሚታይባቸው ትዕይንቶች ስላሉ ለሕፃናት አይመከርም። ዘመኑን ከኖረ ቤተሰብ ጋር አብሮ ማየት ግን እጅግ ይመከራል፤ ልጆች ሊጠይቁት ያልደፈሩትን፣ ወላጆችም ሊያወሩት የከበዳቸውን ነገር ፊልሙ ቀድሞ ያነሳላቸዋል።