«ቀኝ ታች ልብ»፦ የአንድ ስያሜ ታሪክ

«የልብ ድካም» የሚለው ሐረግ በዕለት ንግግራችን ለሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ሲያገለግል ይሰማል። አንደኛው ልብ ደምን በበቂ መጠን መግፋት ሲሳነው ነው፤ ሁለተኛው ልብን የሚመግብ የደም ሥር በድንገት ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ሲሞት ነው። ለሁለተኛው «የልብ ጡንቻ መሞት» ቢባል ይሻላል እንላለን። ይሁንና የሞተው በየትኛው ወገን እንደ ሆነ ካልተገለጸ ስያሜው ጎደሎ ነው።

ከልብ አራት ክፍሎች በስተቀኝ በታች ያለው ደምን ወደ ሳንባ ይልካል። ይህን ኢብን አል ነፊስ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ጽፎታል፤ ዊልያም ሃርቬይም እ.ኤ.አ. በ1628 የደምን ዑደት አስረድቷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1943 አይዛክ ስታርና ባልደረቦቹ የውሾችን የቀኝ ክፍል ግድግዳ ቢያቃጥሉ በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት እምብዛም አልጨመረም። ከዚያ ወዲያ ይህ ክፍል እንደ ተራ ቧንቧ ተቆጥሮ ብዙ ዘመን ቆየ። የቀኝ ክፍል ጡንቻ መሞት ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በሚገባ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት የታችኛው የልብ ግድግዳ የሞተባቸውን 200 ሕመምተኞች መርምሮ፣ ጉዳቱ ወደ ቀኝ ክፍል ከዘለቀባቸው መካከል 31 በመቶው፣ ካልዘለቀባቸው ግን 6 በመቶው በሆስፒታል ሳሉ መሞታቸውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሌላ ጥናትም አደገኛ የልብ ምት መዛባት በፊተኞቹ ዘንድ እንደሚበረክት አረጋገጠ። ምክንያቱም የቀኝ ክፍልን የሚመግበው የደም ሥር በአብዛኛው ሰው የምቱን መነሻና ማስተላለፊያ ስለሚመግብ ነው። ሥሩ ሲዘጋ ምቱ ይዘገያል፤ አለዚያም የልብ ታችኛ ክፍሎች ደም ሳይገፉ ይርገበገባሉ።

ለሌላው የልብ ሕመምተኛ የሚበጅ የደም ሥር ማስፊያ መድኃኒትም የዚህን ሕመምተኛ የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ «ቀኝ» የምትለው ቃል ጌጥ አይደለችም።

ጉዳዩ እንደ ካፋ ባለው አገር ይበልጥ ይከብዳል። በቦንጋ ሕመምተኛው ሕመሙን በካፊኖኖ ይናገር ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የተቋቋመው ክልል የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው፤ የሕክምናው ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ቃል በሦስት ቋንቋ ሲሻገር ወገኑን መጣል የለበትም። በዚህም መሠረት «ቀኝ ታች ልብ» እና «ግራ ታች ልብ» የሚሉትን ስያሜዎች ለአንባብያን አስተያየት እናቀርባለን።