ወፍራም ጥይት በጠባብ ካዝና፦ የከባድ አረር ታሪክ ከጥቁር ባሩድ እስከ ኤአር-15

ጠመንጃ ከሚተኩሰው ጥይት ተለይቶ ሊጠና የማይችል መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲተረክ ስለ ጠመንጃው አሠራርና ስለ ፈልሳፊው በሰፊው ይነገርና ጥይቱ በአንድ ቁጥር ተጠቅሶ ይታለፋል። ጥይት የሚባለው አራት ነገሮች በአንድነት የተዋቀሩበት ዕቃ ሲሆን፣ እነሱም ዒላማውን የሚመታው አረር፣ አረሩን የሚገፋው ባሩድ፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ማቀጣጠያ እና ሦስቱንም የሚይዘው የናስ ቀለህ ናቸው። የአረሩ ውፍረት፣ ማለትም የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት፣ ካሊበር ይባላል፤ እዚህ ወፍራም ጥይት የተባለውም አረሩ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ነው። እንዲህ ያለው ጥይት በአንድ ዘመን የዓለም ጦር ሁሉ መደበኛ ትጥቅ ነበር፤ ከዚያም ከጦር ሜዳው ወጥቶ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በአሜሪካ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ላይ እንደገና ብቅ አለ። የሁለቱም ዘመናት ታሪክ እንደሚያሳየው የጥይቱን ውፍረት የወሰነው የተኳሹ ምኞት ብቻ አልነበረም፤ ከምኞቱ ይልቅ የባሩዱ ጠባይ፣ የጠመንጃው አካል ስፋትና የአገሩ ሕግ ትልቁን ድርሻ ይዘው ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው ከተለዩት በቀር ዓመታቱ የተጠቀሱት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ጠመንጃ የሚተኮሰው ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከድኝና ከከሰል በሚቀመም ጥቁር ባሩድ ነበር። ይህ ባሩድ ምንም ያህል ቢጨመር የአረሩን ፍጥነት ከተወሰነ ልክ በላይ ሊያሳድገው ስለማይችል፣ የምት ኃይል ለመጨመር የነበረው ዋና መንገድ አረሩን ማክበድ ነበር፤ አረሩን ማክበድ ደግሞ ማወፈርን ይጠይቅ ነበር። የብሪታንያ ጦር በ1866 የታጠቀው ሰናድር የሚተኩሰው ጥይት 14.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረትና 31 ግራም ያህል ክብደት ያለው የእርሳስ አረር የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰናድር በአፈሙዝ በኩል ይጎረስ የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላ እንዲጎርስ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ የብሪታንያ ወታደሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የተኮሱትም በኢትዮጵያ ምድር ነው። በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት ከመቅደላ ግርጌ በእሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ የጄኔራል ናፒየር ጦር ይህን ጠመንጃ ይዞ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ገጥሟል፤ የዐፄው የጦር መሪ ፊታውራሪ ገብርዬም የወደቁት በዚሁ ሜዳ ነው። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ተኳሹ ሳይነሣና ባሩድ ሳይሰፍር በደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ እንዲተኩስ ስለሚያስችለው፣ የዚያን ዕለቱን ልዩነት የፈጠረው የአረሩ ውፍረት ሳይሆን የቀለሁ ፈጣን አጎራረስ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት የየአገሩ ጦር 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ወደሆነ ውፍረት ወረደ። ፈረንሳይ በ1874 የተቀበለችውና በኢትዮጵያ ውጅግራ በሚል ስም የታወቀው ጠመንጃ 25 ግራም የሚመዝነውን አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ያስፈነጥር ነበር። አሜሪካ በበኩሏ በ1873 አራት ነጥብ አምስት ግራም ጥቁር ባሩድና 26 ግራም አረር የሚይዘውን፣ .45-70 ተብሎ የሚጠራውንና 11.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ጥይት መደበኛ አደረገች። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከኢትዮጵያ ወገን ውጅግራ፣ ከኢጣሊያ ወገን ደግሞ 10.35 ሚሊ ሜትር የሚተኩሰው ቬተርሊ ሲገናኙ ሁለቱም ጠመንጃዎች የወፍራም ጥይት ዘመን ልጆች ነበሩ፤ ያ ዘመን ግን በአውሮፓ ጦር ሰፈሮች አስቀድሞ ማብቃት ጀምሮ ነበር።

ለውጡን ያመጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየል በ1884 የሠራው ጢስ አልባ ባሩድ ነው። ይህ ባሩድ በጥቂት መጠን ብዙ ጋዝ ስለሚያመነጭ፣ ፈረንሳይ በ1886 ያወጣችው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሌቤል ጠመንጃ አረሩን በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ መወርወር ቻለ። ፍጥነት ክብደትን መተካት ሲችል ወፍራም አረር መሸከም ትርጉም አጣ፤ ወታደሩ በዚያው ክብደት ብዙ ጥይት መታጠቅ ቻለ፣ የአረሩም አካሄድ ቀጥ ያለ ስለሆነ ማነጣጠር ቀለለ። ጢስ አልባው ባሩድ ሌላም በር ከፍቷል። ጥቁር ባሩድ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ወፍራም ጥላሸት ስለሚተው ራሱን በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ በጥላሸቱ ተይዞ ቶሎ ይቆም ነበር፤ ንጹሕ የሚነድደው አዲሱ ባሩድ ግን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን ተግባራዊ አደረገው። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ከተኩሱ ኃይል ጥቂቱን ወስዶ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ የሚጥል፣ አዲስ ጥይት የሚያጎርስና በአንድ የቃታ ስበት አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኩስ ነው።

ወፍራም ጥይትን ከዚህ አሠራር ጋር ለማጣመር ቀድመው ከሞከሩት አንዱ በኮነቲከት ግዛት የሚገኘው የዊንቸስተር ኩባንያ ነው። ኩባንያው ከ1905 ጀምሮ ለአዳኞች ያቀረባቸው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች በተኩስ ጊዜ ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት፣ ማለትም መዝጊያውን፣ በቁልፍ አያስሩትም ነበር፤ የጋዙን ግፊት የሚቋቋመው የመዝጊያው ክብደትና ከኋላው ያለው ሞላ ብቻ ነበር። በ1910 የወጣው ሞዴል 10.3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 13 ግራም ክብደት ያለው አረር እንዲተኩስ ሲፈለግ ይህን ኃይል የሚያዘገይ ከባድ ብረት በግራ እጅ መያዣው እንጨት ውስጥ መደበቅ ግድ ሆነ፤ ስለዚህም ጠመንጃው ለመጠኑ ከባድ፣ ትከሻንም አጥብቆ የሚመታ ሆነ። ምርቱ በ1936 ተቋረጠ። በዩታ ግዛት የኖረው ዕውቁ ጠመንጃ ሠሪ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የሬሚንግተን ኩባንያ በ1906 ለገበያ ያወጣው ሞዴል 8 ደግሞ አፈሙዙና መዝጊያው ተቆላልፈው አብረው ወደ ኋላ እንዲንሸራተቱ በማድረግ የበለጠ ኃይል ቢችልም፣ ትልቁ ጥይቱ ከ9 ሚሊ ሜትር ብዙም አላለፈም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሩገር ኩባንያ ከ1961 እስከ 1985 የሠራው አጭር ጠመንጃ ለሽጉጥ የተሠራውን .44 ማግነም በከፊል አውቶማቲክ አሠራር ተኮሰ። ከእነዚህ ሙከራዎች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ ጥይቱ በወፈረ ቁጥር ጠመንጃው በክብደት፣ በውስብስብነት ወይም በኃይል ቅነሳ ዋጋውን ይከፍላል።

ሁለተኛውን የወፍራም ጥይት ዘመን የወለደው ግን ለእጅግ ቀጭን ጥይት የተሠራ ጠመንጃ ነው። ዩጂን ስቶነር በአርማላይት ኩባንያ በ1950ዎቹ የነደፈው ኤአር-15 3.6 ግራም ብቻ የሚመዝን ባለ 5.56 ሚሊ ሜትር አረር በሴኮንድ ወደ 990 ሜትር የሚያስወነጭፍ፣ አካሉ በአሉሚኒየም የተሠራ ቀላል ጠመንጃ ነበር። የኮልት ኩባንያ መብቱን በ1959 ገዝቶ ለጦሩ ኤም16 አድርጎ ሲያቀርበው፣ ከፊል አውቶማቲክ የሆነውን ዓይነት ደግሞ ከ1964 ጀምሮ ለሲቪሎች ሸጠ። የጋዝ አሠራሩ የፈጠራ መብት በ1977 ሲያበቃ ሌሎች ኩባንያዎችም ያመርቱት ጀመር። ጠመንጃው ሁለት ፒን ሲነቀልለት ላይና ታቹ ተለያይቶ የላይኛው ግማሽ፣ ማለትም አፈሙዙና መዝጊያው ያሉበት ክፍል፣ በሌላ ሊተካ የሚችል መሆኑ ባለቤቱ ራሱ ክፍሎቹን መርጦ የሚገጣጥምበት ልማድ እንዲስፋፋ አደረገ፤ ከምርጫዎቹም ዋነኛው የጥይቱ ምርጫ ሆነ።

ወፍራም ጥይት ይመለስ የሚለው ሐሳብ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው በአሪዞና የጋንሳይት የተኩስ ትምህርት ቤትን የመሠረተው ጡረተኛው የባሕር ኃይል እግረኛ ሌተና ኮሎኔል ጄፍ ኩፐር ነው፤ ኩፐር ካሊበሩ .44 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ትልቅ እንስሳን በ230 ሜትር ገደማ ርቀት በአንድ ተኩስ የሚጥል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ያስፈልጋል ብሎ ጽፏል። ሁለተኛው አቅጣጫ የአፍሪካ ቀንድ ነው፤ በጥቅምት 1993 በሞቃዲሾ የተዋጉ የአሜሪካ ወታደሮች ቀጭኑ አረር ባላጋራን በአንድ ምት ለማስቆም አልበቃም ብለው ማማረራቸው፣ በዚያው ጠመንጃ የሚተኮስ ከባድ አረር ፍለጋ እንዲጀመር ምክንያት ሆነ።

ፍለጋው የተጋፈጠው እንቅፋት በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። የኤአር-15 ካዝና በርዝመቱ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥይት ብቻ ያስገባል፤ ስለዚህ አዲሱ ጥይት የቱንም ያህል ቢወፍር ከአረሩ ጫፍ እስከ ቀለሁ ታች ከዚህ ሊረዝም አይችልም። መዝጊያው ደግሞ የተሠራው የቀለሁ ጠርዝ 9.6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጥይት ነው። ጠርዝ የሚባለው መንጠቆው ይዞ ባዶውን ቀለህ የሚስብበት የታችኛው ከንፈር ሲሆን፣ ጠርዙ ሲሰፋ እሱን የሚያቅፈው የመዝጊያው ብረት ይሳሳል። ከዚህም በላይ ጋዙ መዝጊያውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ከግፊቱና ከቀለሁ ስፋት የሚገኝ ብዜት ስለሆነ፣ ሰፊ ቀለህ ግፊቱ ዝቅ ካላለ መዝጊያውን ሊሰብረው ይችላል። በዚህም የተነሣ የ5.56 ጥይት እስከ 3,800 ባር የሚደርስ ግፊት ሲፈቀድለት፣ ወፍራሞቹ ተተኪዎች ከ2,300 እስከ 2,650 ባር ባለው ውስጥ መቆየት ነበረባቸው።

በዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ ሦስት ዋና ዋና ጥይቶች ተወለዱ። ቢል አሌግዛንደር በ2001 ያወጣው .50 ቤዎልፍ 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ የቀለሁ ጠርዝ ከወገቡ እንዲጠብ ተደርጎ በክላሽንኮቭ ጥይት ልክ ተቆርጧል፤ መዝጊያው ከልክ በላይ ሳይሳሳ ወፍራም ቀለህ ማስተናገድ የቻለውም በዚህ ብልሃት ነው። ማርቲ ተር ዊም በዚያው ጊዜ የሠራው .458 ሶኮም 12 ሚሊ ሜትር ጠርዝና በጥቂቱ የጠበበ አንገት አለው፤ መደበኛውን የጦር ካዝና ምንም ሳይለወጥ ስለሚጠቀም ሠላሳ ቀጭን ጥይት በሚይዘው ካዝና ውስጥ ወፍራሞቹ በአንድ ረድፍ ተደርድረው ወደ አሥር ያህል ይገባሉ። ሦስተኛው፣ .450 ቡሽማስተር፣ የኩፐርን ሐሳብ ይዞ ከተነሣው የቲም ለጀንደር ጥይት የተወለደ ነው፤ ሆርናዲ የተባለው የጥይት ፋብሪካ ሹል አፍንጫ ያለው አረሩ በካዝናው ውስጥ እንዲበቃው ቀለሁን ወደ 43.2 ሚሊ ሜትር አሳጥሮ በ2007 ለገበያ አቀረበው። እዚህ ላይ በተለይ ሊስተዋል የሚገባው የ.458 ሶኮም አረር ውፍረት በ1873 ከወጣው .45-70 ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ 19.4 ግራም አረር በሴኮንድ 580 ሜትር ያህል ሲወረውር የሚያገኘው ኃይልም በዛሬ ባሩድ ከሚሞላው ከዚያው አሮጌ ጥይት ጋር የሚነጻጸር ነው።

ከብረቱ ቀጥሎ የወሰነው ሕግ ነው። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ አፈሙዙ ከግማሽ ኢንች፣ ማለትም ከ12.7 ሚሊ ሜትር፣ የሚሰፋ መሣሪያን ለስፖርት አገልግሎት ተብሎ ካልተለየ በቀር ከአውዳሚ መሣሪያዎች ጋር ስለሚመድብ፣ ቤዎልፍ የሕጉ ድንበር ላይ ቆሟል። የየግዛቱ ሕጎች ተጽዕኖ ግን ከዚህም ይበልጣል። ሜዳማ እርሻና ብዙ ነዋሪ ባለባቸው የመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች ርቆ የሚሄድ አረር ለሰው ያሰጋል በሚል አጋዘን ማደን ለረጅም ጊዜ የተፈቀደው በዋናነት በሾትገን ነበር። ኦሃዮና ሚሺጋን በ2014፣ አዮዋ በ2017 ቀለሁ አንገት የሌለውና ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ጥይት ሲፈቅዱ፣ ሚሺጋን ውፍረቱ ቢያንስ .35 ኢንች፣ የቀለሁ ርዝመት ከ29.5 እስከ 45.7 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ደነገገች። 43.2 ሚሊ ሜትር ቀጥተኛ ቀለህ ያለው ቡሽማስተር ከዚህ ልክ ጋር ስለተስማማ ገበያው ሰፋለት፤ አንገቱ በጥቂቱ የጠበበው ሶኮም ግን ቀጥተኛ ቀለህ በሚጠይቁ ግዛቶች በዚያች ጥቂት ጥበት ምክንያት ወደ ኋላ ቀረ።

ከሦስቱ አንዱን ከሁሉ የበለጠ ብሎ መፍረድ ስለዚህ ጥያቄውን ማዛባት ነው። ቤዎልፍ ለውፍረት፣ ሶኮም ለአረር ዓይነት ብዛትና ለነባሩ ካዝና፣ ቡሽማስተር ለፋብሪካ ምርትና ለአደን ሕግ የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ሦስቱም ከ100 እስከ 200 ሜትር ባለው ርቀት ከባድ ምት ሲሰጡ፣ ከዚያ ሲያልፍ አረራቸው ፈጥኖ ስለሚወርድ ለሩቅ ዒላማ አይመረጡም። የሕጉ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ በ2019 ዊንቸስተር ያወጣው .350 ሌጀንድ በግልጽ ያሳያል፤ ይህ ጥይት የሚሺጋንን ዝቅተኛ ውፍረት ጥቂት ብቻ አልፎ በ9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቆመ፣ የቀለሁም ጠርዝ ከ5.56 ጥይት ጋር እኩል ሆነ። ፋብሪካው ሕጉ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ውፍረት ካሟላ በኋላ ጥይቱን የበለጠ ለማወፈር ምክንያት አላገኘም።

ስለ ጠመንጃና ጥይት ታሪክ የሚጽፍም የሚያነብም በመጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው ባሩዱ ምን ያህል ይችል እንደነበር፣ የጠመንጃው አካል ምን ያህል ያስገባ እንደነበርና ሕጉ የት ላይ ያቆም እንደነበር ነው። በእሮጌም፣ በዐድዋም፣ በሚሺጋን የአጋዘን ደንም የተተኮሰው አረር ውፍረት ምክንያቱ የሚገኘው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ውስጥ ነው።