የአሮጌው ፒያላ ጉዞ ወደ አሶሳ

በአገራችን የእንጨት ሥራ መኪና በማን እጅ እንደተስፋፋ ለማወቅ የሚሻ ሰው የአናጢውን አንደበት ቢያዳምጥ ብዙ ያተርፋል። የጣውላን ፊት የሚልገው መኪና ፒያላ፣ ውፍረቱን የሚያስተካክለው ስፔሶሬ ይባላል፤ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ኃይል የሚያስተላልፈው ቺንጋ፣ የሚያያይዘው ቡሎን ሁሉም ከኢጣሊያንኛ የተወረሱ ስሞች ናቸው። ወራሪው ጦር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ተሸንፎ ወጣ፤ በአገር የቀሩት ኢጣሊያውያን ባለሙያዎች ግን ሙያውን ከነስሙ አስተላለፉ።

አዲስ መኪና ከውጭ ማስመጣት ለትንሽ አናጢ ምንጊዜም ቀላል አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች ከተወረሱ፣ በ1968 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ የግል ኢንዱስትሪን ካፒታል በ500 ሺህ ብር ከገደበ በኋላ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ተጨምሮበት፣ አሮጌን ማደስ የሙያው መተንፈሻ ሆነ።

ወደ አሶሳ ስንመጣ ርቀት ይጨመራል። ከተማዪቱ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ ከጎዳቸው አካባቢዎች፣ በተለይም ከወሎ፣ ብዙ ሕዝብ በዙሪያዋ ሰፈረ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሉ ሲታወቅም ርእሰ ከተማ ሆነች። በርና መስኮት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ፈላጊው በዚያው መጠን በዛ። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በዚሁ ክልል በጉባ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በየካቲት 2014 የመጀመሪያውን ኃይል አመነጨ፤ በጳጉሜን 2017ም ተመረቀ። ይሁን እንጂ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው መስመር ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ሲሆን፣ ከፋብሪካ የወጣ አሮጌ ፒያላ የሚሻው ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ነው። ስለዚህ በቤቱ ሊሠራ የሚገዛ ሰው የሞተሩን ጽሑፍ ሳያነብ ዋጋ ሊቆርጥ አይገባውም። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 60 ኸርዝ ሞተር ከሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ከመጠን በላይም ይግላል።

የፈሰሰው ብረት ገላው ካልተሰነጠቀ ዕድሜ አይፈራም። ዝገት ይፋቃል፤ ሁለቱ ገበታዎች ግን ከረጅሙ የጭነት መኪና ጉዞ በኋላ በቀጥ ያለ ብረትና በውሃ ልክ እንደገና መመዘን አለባቸው። በጣም አሮጌ የሆኑት መኪናዎች ዘንጋቸው የሚዞረው አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት እ.ኤ.አ. በ1839 በፈለሰፈው ነጭ ቅይጥ ላይ ነው። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ይሸሻሉ፤ እኔ ግን ያለ አግባብ ነው እላለሁ፤ ቅይጡ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚቀልጥ የሠለጠነ እጅ በቦታው መልሶ ሊያፈስሰው ይችላል።

የማይታለፈው ስለት የሚታሰርበት ራስ ነው። በቀድሞ ፒያላዎች ይህ ራስ አራት ማዕዘን ነበር፤ በማዕዘኖቹ መካከል ባለው ክፍተት የገባ ጣት እስከ ሥሩ ይቆረጣል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጣው ደንብ በእጅ እየተገፋ በሚላግበት መኪና ላይ ክብ ራስ ብቻ እንዲገጠም ያዘዘው ስለዚህ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አራት ማዕዘኑን ቀለም ቀብቶ «ታድሷል» ብሎ መሸጥ ነውር ነው። ገዢው ክዳኑን አስነሥቶ ይመልከት፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ክቡን በቶርኖ የሚያስቀርጽበትን ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀንስ፤ ሻጩ ካልተስማማ መኪናውን ይተውለት። የተቀረጸውም ራስ ሚዛኑ ሳይረጋገጥ በሙሉ ፍጥነት አይዙር፤ በላዩም መከለያ ይኑር።

የክልሉ እንጨት ራሱ ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል። ዋንዛ ለስለት ገር ነው። በቆላው በሰፊው የሚበቅለው ሽመል ግን ከደጋው ቀርቀሃ ይልቅ ውስጡ የደፈነ፣ ሲሊካም ያለበት በመሆኑ ስለትን ቶሎ ያደነዝዛል። ሽመል ለመላግ ያሰበ ሰው ትርፍ ስለትና መሳያ ድንጋይ ከመኪናው ጋር አብሮ ይጫን።