ኮሶን የሣለው እጅ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የኢትዮጵያ ጉዞውን የተረከበት መጽሐፍ በ1790 ኤዲንብራ ላይ በአምስት ቅጽ ታተመ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የመጀመሪያዎቹን አራት ቅጾች የታሪክና የፖለቲካ ሰዎች ብዙ ሲያገላብጧቸው ኖረዋል። እኔን ዓመታት ያቆራኘኝ አምስተኛው ነው። እዚያ ውስጥ ኮሶ አለ፤ ቁልቋል፣ እንሰት፣ ጤፍ፣ ዋንዛ፣ ቀንጠፋና ዋጊኖስም አሉ። ደጃችንና ማሳችን ላይ የምናውቃቸው ዕፅዋት፣ ቅጠላቸው ተቆጥሮ፣ አበባቸው ተፈልቅቆ፣ በመዳብ ላይ ተቀርጸው ታትመዋል። ከሥዕሎቹ ሥር የቀራጩ ስም ይነበባል። ጎንደር ቁጭ ብሎ ከሕያው ቅርንጫፍ የሣላቸው ሰው ስም ግን የለም።

ሰውየው ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል። በ1737 ቦሎኛ ከተማ ተወለደ፤ እዚያው ክሌመንቲና በተባለው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ። የሠለጠነበት ሙያ የሕንፃ ንድፍ ነበር። ብሩስ በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ሳለ የሮማውያንን ፍርስራሽ የሚነድፍለት ሰው ሲፈልግ ባሉጋኒን ከጣሊያን አስመጣው። ጊዜው 1765 ነው። ሁለቱ በሰሜን አፍሪካ፣ ከዚያም በበአልቤክና በፓልሚራ ዓምድና ቅስት ሲለኩ ከረሙ። ግብፅንና ቀይ ባሕርን አልፈው በመስከረም 1769 ምጽዋ ሲገቡ ግን ሥራው መልኩን ለወጠ። ከእንግዲህ የሚነደፈው ድንጋይ ሳይሆን ቅጠል ሆነ።

የሕንፃ ትምህርቱ እጁን አልለቀቀውም፤ ለእኔ የሥዕሎቹ ጥንካሬ ከዚያ የመጣ ነው። ቅርንጫፍን የሚያየው እንደ ቤት ነው፤ የቱ የቱን እንደሚሸከም፣ ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። የዘመኑ ብዙ የአበባ ሠዓሊዎች ውበቱን ይዘው መገጣጠሚያውን ይረሱ ነበር። ባሉጋኒ የቅጠሉ አንገት ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ አይዘልም። ዕፅዋትን ለይቶ ለማወቅ ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈልገው ያ ቦታ ነው።

በየካቲት 1770 ጎንደር ደረሱ። ዙፋኑ ላይ ወጣቱ ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ፈንጣጣ ከተማውን ይዞት ስለነበር ብሩስ በሕክምና እውቀቱ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰብ አገለገለና በእቴጌዪቱ ግቢ በቁስቋም መኖሪያ አገኘ። የቁስቋምን ነገር ሳነብ ሁልጊዜ ቆም የምልበት ምክንያት አለኝ። እቴጌ ምንትዋብ የሥዕል ትልቅ ደጋፊ ነበሩ። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት አጠገብ ያለው የናርጋ ሥላሴ ሥዕል በእርሳቸው ዘመን የተሠራ ነው፤ ከሥዕሉ ግርጌ እርሳቸው ራሳቸው ተደፍተው ይታያሉ። የዚያ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች የቅዱሳኑን ልብስ በአበባ ጥልፍ ይሞሉት ነበር፤ የብራና ጸሐፊዎቹም የገጹን አናት በሐረግ ያስጌጡ ነበር። አበባው የጌጥ አበባ ነው፤ የማንኛውም ተክል አበባ አይደለም። ባሉጋኒ በዚያው ግቢ ውስጥ በእርሳስና በውሃ ቀለም የአንድን ተክል አበባ ብቻ፣ ያንኑ ራሱን፣ ይስል ነበር። ሁለት የሥዕል እውቀቶች በአንድ ኮረብታ ላይ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ለጸሎት፣ አንዱ ለምርመራ። አንዱን ከሌላው አላስበልጥም።

የዕፅዋት ሥዕል ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው ነገሩን ቀላል አድርጎ ያየዋል። እኔ ወጣቶችን ይህን ሥራ በዐውደ ጥናት አስተምራለሁ፤ የመጀመሪያው ትምህርት ሁልጊዜ ኮሶ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ቀለም አይነካም። መጀመሪያ ይቆጠራል። በአንዱ ቅጠል ዘንግ ላይ ስንት ትንንሽ ቅጠል አለ? ጥርሱ ምን ያህል ይሰላል? ጠጉሩ ከላይ ነው ከሥር? ተማሪዎቹ በጥያቄው ይሰለቻሉ፤ ከዚያ አንዷ ድንገት ቀና ብላ «ይኼ አበባ ከዚያኛው ጋር አንድ አይደለም» ትላለች። ልክ ናት። ኮሶ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ያብባሉ። የሴቴው ዘለላ ወፍራምና ወደ ቀይ የሚያደላ ነው፤ የወንዴው ሳሳ ብሎ ወደ ነጭና ወደ ብርቱካን ያዘነብላል። ፎቶግራፍ አንዱን ያሳያል። ሥዕል ግን ወንዴውንና ሴቴውን፣ እምቡጡንና ፍሬውን፣ በተለያየ ወር የሚታየውን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ያገናኛል። ሳይንቲስቶች ካሜራ ከመጣ በኋላም ሠዓሊን ያልተዉት ለዚህ ነው።

ይህን የወንዴና የሴቴ ልዩነት ለእኔ ያስተማሩኝ መጽሐፍ ሳይሆን መርካቶ የባህል መድኃኒት የሚሸጡ እናት ናቸው። ደረቅ አበባ ገዝቼ ልሄድ ስል «እማማ፣ ይኼኛውስ?» ብዬ ሌላ ክምር አሳየኋቸው። በጣታቸው ፈተግ አድርገው «ተወው ልጄ፣ እሱ ወንዱ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ሴቷ ናት» አሉኝ። ብሩስም ስለ ኮሶ መጠጣት ልማድ የጻፈውን የሰማው እንዲህ ካሉ ሰዎች ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ የኮሶ ትልን በየጊዜው በኮሶ እንደሚያስወጣ አይቶ መዝግቧል። እውቀቱ የአገሩ ሰው ነበር፤ ባሉጋኒ ለዚያ እውቀት መልክ ሰጠው።

አምስተኛውን ቅጽ በዚህ ዓይን ሳነበው በየገጹ የሚናገር ሰው ይሰማኛል። ጋጉዲ የተባለውን ተክል ከልማልሞ ያገኘው ብሩስ ስሙን ከራሱ አላወጣውም፤ ከአካባቢው ሰው አፍ ነው የወሰደው። ዛሬ በዓለም የዕፅዋት ሳይንስ ያ ተክል ፕሮቲያ ጋጉዲ ይባላል። ስለ ቀንጠፋ የጻፈው ደግሞ ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ሕያው ነው። ንጉሡ ሊዘምት ሲል እሾሃሙ ቀንጠፋ በአራቱም አቅጣጫ እንዲቆረጥ አዋጅ ይነገራል፤ በየት በኩል እንደሚሄድ አስቀድሞ አይገለጽምና። ያ እሾህ ልብስ ይዞ አይለቅም፤ ፈረሰኛንም ያቆማል። የጦር ሠራዊት ከአንድ ቁጥቋጦ ጋር የነበረውን ጠብ ከዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ዕፅዋትን አልፈው ባይሄዱ ብዬ እመኛለሁ።

በኅዳር 1770 ባሉጋኒ ከብሩስ ጋር ግሽ ዓባይ ደረሰ። በመንገድ ላይ ርቀቱንና አየሩን በጣሊያንኛ ይመዘግብ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ወራት ጎንደር ውስጥ ታሞ ሞተ፤ ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። ብሩስ በመጽሐፉ ሰውየው ኢትዮጵያ ከገባ ብዙም ሳይቆይ እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ በዓባይ ምንጭ ላይ ከመቆም ክብር የሚካፈል አውሮፓዊ እንዳይኖር። ሥዕሎቹም የራሱ መሰሉ። ይህን በለሆሳስ ላልፈው አልችልም። ብሩስ ለአገራችን ታሪክ ብዙ ያቆየልን ሰው ነው፤ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ አውሮፓ ያደረሰ ነው። በባሉጋኒ ላይ ያደረገው ግን ግፍ ነው። ከአምስት ዓመት በላይ በበረሃና በተራራ አብሮት የተጓዘን፣ በእጁ ሥራ መጽሐፉን ያስጌጠለትን ሰው ከሞተ በኋላ ሁለተኛ ቀበረው።

እውነቱን ያወጣው አሌክሳንደር ማሪ ነው። የእረኛ ልጅ የሆነ ስኮትላንዳዊ፣ ቋንቋ በራሱ ጥረት የተማረ፣ ግእዝና አማርኛም ያጠና ሰው። በኋላ፣ በ1811፣ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ለእንግሊዝ ንጉሥ የላኩትን ደብዳቤ እንዲተረጉም የተጠራው እርሱ ነበር። ማሪ በ1805 የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም ሲያዘጋጅ የባሉጋኒን የጉዞ ማስታወሻ ከብሩስ ወረቀቶች መካከል አገኘና አሳተመው። የሞተው ሰው ግሽ ድረስ መሄዱ ከራሱ ጽሑፍ ታወቀ።

ዕፅዋቱም የራሳቸው የስም ውጣ ውረድ ነበራቸው። ብሩስ ኮሶን በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ ብሎት ነበር፤ ያ ስም ግን ለአውስትራሊያ ዕፅዋት አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን በኮኒግስበርጉ መድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ሀጌኒያ አቢሲኒካ አለው። ከዚያም በ1820ዎቹ የኮሶ አበባ በኢስታንቡል በነበረ ፈረንሳዊ ሐኪም በኩል ፓሪስ ሲደርስ እንደ አዲስ ተክል ታይቶ ሌላ ስም ተሰጠው። በጎንደር ተሥሎ፣ ታትሞ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ነገር እንደገና አገኙት። ጤፍ ይሻላል፤ ብሩስ በጣሊያን በኩል ካለፈ በኋላ በ1775 ፍሎረንስ ላይ አቲሊዮ ዙካኒ ስለ ጤፍ ጽፎ የአገሩን ስሙን ጠበቀለት። እንሰትም በስሙ ጸንቷል። እንሰት በለንደን ኪው የዕፅዋት ማዕከል የበቀለው ግን ዘግይቶ ነው፤ ዘሩን የላከው በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው፣ በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ የሆነው ዋልተር ፕላውደን ነው።

የባሉጋኒ ዋና ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ፣ ኒው ሄቨን፣ በየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በ1991 ሦስት ሊቃውንት፣ ፖል ሀልተን፣ ናይጀል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ መርምረው በባሉጋኒ ስም መጽሐፍ አወጡ። ከሞተ ሁለት መቶ ሃያ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ፍሪስ በዚያው ዘመን የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረውን ትልቅ ሥራ ከሚጽፉት አንዱ ነበር። ያ ሥራ በእነ ኢንጋ ሄድበርግና በእነ ሰብስቤ ደምሰው አስተባባሪነት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየምና በኡፕሳላ መካከል ተሠርቶ በ2009 በስምንት ቅጽ ተጠናቀቀ። ገጾቹን ስትገልጡ በጥቁር ቀለም የተሣሉ ንድፎች ታገኛላችሁ፤ የሠዓሊው ስምም ይጠቀሳል።

ተማሪዎቼ ሥራቸውን በዐውደ ርእይ ሲያሳዩ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ሦስት ስም እንዲጻፍ አደርጋለሁ፦ የተክሉ ስም በአማርኛና በሳይንሱ፣ የሣለው ልጅ ስም፣ ተክሉን ያሳየን ወይም ጥቅሙን የነገረን ሰው ስም። ሦስተኛውን ለማግኘት ልጆቹ ሄደው መጠየቅ አለባቸው። አንዳንዱ አያቱን ይጠይቃል፤ አንዷ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ጋር ተቀምጣ የሦስት ቁጥቋጦ ስም ይዛ መጣች፤ ሁለቱን እኔም አላውቃቸውም ነበር። ቅጠሎቹን በጋዜጣ መካከል አድርገን አድርቀን፣ ሥዕሎቹን አያይዘን ለሚያውቅ ባለሙያ አሳየን። ለሚመጣው ጥቅምት ኮሶው ሲያብብ ወንዴውንና ሴቴውን ጎን ለጎን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ እንስላለን፤ ከሥሩም ሦስተኛው መስመር ላይ የመርካቶዋን እናት ስም እንጽፋለን፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሺ ብለውኛል።