ሰያፍ ጉድጓድና የወላይታ መሬት

የነዳጅ ቆፋሪ ጉድጓዱን በሰያፍ መስደድ የተማረው መቆሚያ ሲያጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካሊፎርኒያዋ ሀንቲንግተን ቢች ማሽኑን የብስ ላይ ተክሎ ከባሕር ወለል በታች ወዳለው ዘይት በጎን ይወርድ ነበር። ባሕር መሐል መድረክ ማቆም ሲጀመርም ወጪው ስለከበደ ከአንድ መድረክ ብዙ ጉድጓድ በየአቅጣጫው መስደድ ተለመደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከመሰርሰሪያው አጠገብ የተገጠመ መለኪያ፣ በቁፋሮ ጭቃው ውስጥ በሚልከው የግፊት ምት፣ ጉድጓዱ ወዴት እንዳዘነበለ ሥራው ሳይቋረጥ ላይ ላለው ሰው ማሳወቅ ቻለ። ይህ ባሕር ለማያዋስናት ወላይታ ምኗ ነው? ከዱጉና ፋንጎ ተራራና ከአባያ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ፍል ውኃዎች ሥር የሚፈለገው ዘይት ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት እንፋሎት ነው፤ የመቆሚያው ጣጣ ግን ያው ነው።

በስምጥ ሸለቆው ለእንፋሎት በጥልቀት የመቆፈር ታሪካችን ከአሉቶ ላንጋኖ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በአንዳንዶቹ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፈ፤ ሆኖም ደህና እንፋሎት የሰጡት በወንጂ ስንጥቅ መስመር ላይ ያረፉት ናቸው። ድንጋዩ ቢግልም ውኃ የሚያመላልስ ስንጥቅ ካልተገኘ ፋይዳ የለውም። ስንጥቁ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ቀጥ ያለ ጉድጓድ በአጠገቡ ሊያልፈው ይችላል፣ ሰያፉ ግን የማቋረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አሉቶ ላይ የተጨመሩት ሁለት ጉድጓዶች ሆን ተብሎ ሰያፍ ተደርገዋል።

ለወላይታ ግን እኔ ከእንፋሎቱ መጠን መሬቱን አስቀድማለሁ። በሶዶ ዙሪያና በዳሞታ ግርጌ የእንሰት ጓሮ ከጓሮ ይነካካል። እንፋሎቱ ያለው ቆላ ነው፣ ቆላው ደግሞ ሰፊ ነው የሚል አይጠፋም። ቆላውስ ቢሆን መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው ዋዱ፣ ማለትም የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ መሬት የጠበባቸውን ደገኞች ያሰፈረው እዚያው ሁምቦ፣ አበላ ላይ ነበር። ኋላም በሁምቦ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ደኑ እንዲያገግም ተከልሏል። ከአንድ ግቢ አራት አምስት ጉድጓድ መስደድ ከተቻለ ለየጉድጓዱ መንገድና ሜዳ እየተባለ ማሳ አይቆረስም። ሰያፍ ጉድጓድ ከቀጥተኛው ይበልጥ ያስወጣል፤ የካሳውና የመንገዱ ሒሳብ አብሮ ሲታይ ግን ልዩነቱ ይጠባል። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ የሙቀቱ ነው፤ ለነዳጅ የተሠሩት አብዛኞቹ መለኪያዎች ከ175 ዲግሪ በላይ አይዘልቁም። ደግነቱ ጉድጓዱ የሚታጠፈው ገና ቀዝቃዛ በሆነው የላይኛው ክፍል ነው፣ ከዚያ ወዲያ የያዘውን ማዘንበል ጠብቆ ይወርዳል። የኬንያው ኤሌክትሪክ አመንጪ ኩባንያ ኬንጄን በኦልካሪያ የእንፋሎት መስክ ሲሠራ የኖረው በዚህ መንገድ ነው፤ ያንኑ ልምድ ይዞ ወደ አገራችን መጥቶ ቱሉ ሞዬ ላይ ቆፍሯል። ኦልካሪያ ደግሞ ከሶዶ ተነስቶ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው የኤሌክትሪክ መስመር ከሚያበቃበት ከሱስዋ ብዙም አይርቅም።